ሐዋሳ ላይ ራዲያተር መግጠም ያዋጣል? አምስት የብረት ራዲያተር በእጄ አለ

ታቦር_ጀርባ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ታቦር ክፍለ ከተማ ያለ የብሎኬት ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ሦስት መኝታ ቤትና ሳሎን። ወንድሜ ከጀርመን በኮንቴይነር ዕቃ ሲልክ አምስት ያገለገሉ የብረት ራዲያተሮች አብሮ ላከ። ጀርባቸው ላይ «22/600/1000» ይላል። እናታችን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይከብዳታል፤ ጉልበቷን ያማታል። የወንድሜ ሐሳብ ጣሪያ ላይ ካለው ባለ 200 ሊትር ሶላር ሙቅ ውሃ ወስዶ በራዲያተሮቹ ማዞር ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ «ከሮቶው በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) ስቤ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ» ብሏል። ይሠራል ወይ? ያገለገለ ራዲያተር ጤነኛ መሆኑስ በምን ይታወቃል?

ሙቀት_በሒሳብ፦
በሶላሩ አይሠራም። ቁጥሩን እንየው።

«22» ማለት ሁለት ፓነል ከሁለት ረድፍ ክንፍ ጋር ነው፤ 600 ቁመቱ፣ 1000 ርዝመቱ በሚሊ ሜትር። ካታሎግ ላይ ወደ 1,700 ዋት ይሰጣል ይባላል፤ ግን ይህ የሚሆነው ውሃው በ75 ዲግሪ ገብቶ በ65 ሲወጣና ክፍሉ 20 ሲሆን ነው። ውሃው በ50 ገብቶ በ40 ከወጣ በራዲያተሩና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ሙቀት ግን ከግማሽም በታች ወርዶ 700 ዋት አካባቢ ይሆናል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከዚያም ላይ ጥቂት ይቀነሳል።

አሁን ክፍሉ። 4 በ4፣ ከፍታው 2.80፣ ሁለት ግድግዳው ወደ ውጭ የሆነ መኝታ ቤት እንውሰድ። ንጋት ላይ ውጭው 11፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ይሁን። በብሎኬቱ በኩል 350 ዋት፣ በነጠላ መስታወቱ 150፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው 360፣ በበርና በመስኮት ስንጥቅ በሚገባው አየር 130 ይጠፋል። ድምሩ አንድ ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ለአንድ ክፍል ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ከ6 እስከ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል።

200 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ የሚለቀው 5.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሶላሩ አንድ ክፍል እንኳ እስከ ንጋት አያደርስም፤ ጠዋት ደግሞ እናታችሁ በለብታ ውሃ ሊታጠቡ ነው። በዚያ ላይ ሙቅ ውሃ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ታንከሩ ጣሪያ ላይ፣ ራዲያተሩ ወለል አጠገብ ስለሆነ ያለ ፓምፕ አይንቀሳቀስም።

ቫልቭና_ቧንቧ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የሮቶው ነገር ነው። የብረት ራዲያተር ከሮቶ፣ ከሻወርና ከማድ ቤት መስመር ጋር በፍጹም አይገናኝም። ምክንያቱ ዝገት ነው። በተዘጋ መስመር ውስጥ (ያው ውሃ ብቻ እየዞረ በሚመለስበት) መጀመሪያ የገባው ውሃ ያዘለው ኦክስጅን ብረቱን ትንሽ በልቶ ያልቃል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ ከዚያ ዝገቱ ይቆማል። ከሮቶ ሲሳብ ግን ገላ በታጠባችሁ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል። የፓነሉ ብረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ በጥቂት ዓመት ከታችኛው ብየዳ ጀምሮ ይበሳል። እስከዚያ ደግሞ ቀይ ውሃ በሻወር ይወርዳል።

ሠራተኞቻችን የማይነግሩን ሌላም አለ። ተራው ፒፒአር ውሃ ባያፈስም ኦክስጅንን በግድግዳው ያሳልፋል። ለራዲያተር መስመር መሃሉ አሉሚኒየም ያለበትን ፒፒአር ወይም ፔክስ (ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቧንቧ) ግዙ። አሉሚኒየሙ ቧንቧው ሲሞቅ እንዳይለጠጥና እንዳይጎብጥም ይይዘዋል።

ያገለገለውን ስለመፈተሽ፦ መጀመሪያ በጎማ ቱቦ ከታች በኩል ውሃ እየለቀቃችሁ ጥቁሩ ጭቃ ጠርቶ እስኪወጣ እጠቡት። ቀዳዳዎቹ ግማሽ ኢንች ናቸው፤ እዚህ ያለው ፊቲንግ ይገጥማል። ሁለቱን በታፓ ዝጉ፣ በአንዱ አየር ማስወጫ፣ በአንዱ የእጅ መፈተሻ ፓምፕ ግጠሙ። አየሩን ጨርሳችሁ አውጥታችሁ ውሃውን 3 ባር አድርሱና አንድ ሰዓት ጠብቁ። የታችኛውን ስፌት በደረቅ ሶፍት ጥረጉት፤ ሶፍቱ ከረጠበ ራዲያተሩ አልቋል፤ ብየዳም አያዋጣም። ጎሚስታ ወስዳችሁ በአየር እንዳትፈትኑት! የታመቀ አየር እንደ ውሃ አይደለም፤ ብረቱ ከተከፈተ ሰው ይጎዳል።

ታቦር_ጀርባ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሮቶውንም ሶላሩንም ትቻለሁ። ወንድሜ ግን አሁንም «ቢያንስ የእማዬንና አጠገቡ ያለውን ክፍል በትንሽ የኤሌክትሪክ ቦይለር አድርጉት» እያለ ነው። ለሁለት ክፍል ምን ምን ያስፈልጋል?

ቫልቭና_ቧንቧ፦
ለሁለት ክፍል የ3 ኪሎዋት የማሞቂያ ቦይለር ይበቃል። የሻወር ቦይለር አይደለም፤ ውሃውን በተዘጋ መስመር የሚያዞር መሆን አለበት። 3,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 13.6 አምፔር ነው፤ ስለዚህ ከዋናው ሳጥን ለብቻው በ4 ካሬ ሽቦ የወጣ መስመር፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ የ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያና እውነተኛ ኤርዝ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አይደለም።

ቦይለሩ ውስጥ ከሌሉ ለብቻ የሚገዙት፦ የማዞሪያ ፓምፕ፣ ባለ 8 ሊትር የተዘጋ ማስፋፊያ ታንክ፣ የ3 ባር ሴፍቲ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያ፣ በመመለሻው (ውሃው ወደ ቦይለሩ በሚመለስበት ቧንቧ) ላይ ማጣሪያ፣ መስመሩ በጣም ከፍ በሚልበት ቦታ አውቶማቲክ አየር ማስወጫ። ለእያንዳንዱ ራዲያተር በመግቢያው ቴርሞስታት ያለው (እንደ ክፍሉ ሙቀት ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ) ቫልቭ፣ በመመለሻው ደግሞ ፍሰቱ የሚመጠንበት ቫልቭ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ማስፋፊያ ታንኩን «ይቅር» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አሰቃቀሉ ላይ ተጠንቀቁ። ራዲያተሩ ባዶውን ከ30 ኪሎ በላይ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ወደ 40 ይጠጋል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ የፕላስቲክ ፊሸር ብቻውን አይዘውም። ማንጠልጠያው በሚያርፍበት ቦታ ብሎኬቱን ከፍታችሁ ኮንክሪት ሙሉበት፣ ከደረቀ በኋላ ብሱ። ከወለሉ 10 ሳንቲም፣ ከመስኮቱ ደፍም 10 ሳንቲም ይራቅ። መስኮት ሥር ይሁን፤ ቀዝቃዛው አየር የሚወርደው በዚያ ነው። መጋረጃው ግን አይሸፍነው።

ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት የማስፋፊያ ታንኩን አየር በመኪና ጎማ መለኪያ ለኩት፤ 0.75 ባር ይሁን። ከዚያ ከታች ቀስ ብላችሁ እስከ 1.2 ባር ሙሉ። ፓምፑ ጠፍቶ ከእያንዳንዱ ራዲያተር አየር አውጡ፤ ፊስ ማለቱ አቁሞ ውሃ ብቻ ሲወጣ ዝጉ። ግፊቱ ስለሚወርድ መልሳችሁ ሙሉ። ቦይለሩን 55 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ አዛውንት ቢነኩትም ቶሎ አያቃጥልም፤ በዚህ ልክ አንዱ ራዲያተር ወደ 850 ዋት ይሰጣል። በጣም በሚበርድ ንጋት ትንሽ ያንሳል፤ በሌላው ቀን ይበቃል። በረዶ ስለማያሰጋችሁ አንቱፍሪዝ አትጨምሩ፤ ለማሞቂያ መስመር የተሠራ ፀረ ዝገት ካገኛችሁ ግን ጥሩ ነው።

ብልሽቱን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ታውቁታላችሁ። ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ አየር ነው፤ አውጡት። ታቹ መሃል ላይ ቀዝቅዞ ዙሪያው ከሞቀ ጭቃ ተኝቶበታል፤ አውርዶ ማጠብ ነው። የቅርቡ እየሞቀ የሩቁ ከቀዘቀዘ የቅርቡን የመመለሻ ቫልቭ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ዝጉት። ሴፍቲ ቫልቩ በሞቀ ቁጥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቫልቩን ከመቀየራችሁ በፊት የማስፋፊያ ታንኩን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ወጥቶ ወይም በውስጡ ያለው ጎማ ተቀዶ ነው። በየሳምንቱ ውሃ መጨመር ካስፈለገ የሚያፈስ ቦታ አለ። እየጨመሩ መኖር ማለት ኦክስጅን እየጨመሩ መኖር ነው፤ ሮቶው በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ኮርኒስ_መጀመሪያ፦
ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ተዘለለ። ኤሌክትሪክ በቦይለር ገብቶ በራዲያተር ቢወጣ ወይም ዘይት ባለው ተንቀሳቃሽ ራዲያተር ቢወጣ የሚሰጠው ሙቀት ያው ነው፤ ቆጣሪው ላይ አንድ ብር አያተርፍም። 1,500 ዋት የሆነ ባለ ዘይት ራዲያተር ለእናታችሁ ክፍል ከበቂ በላይ ነው፤ ቧንቧ የለ፣ ፓምፕ የለ። በማከፋፈያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ልብስ አይሰጣበት።

የተረፈው ገንዘብ ኮርኒሱ ላይ ይዋል። 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው የመስታወት ሱፍ ከቺፑዱ በላይ ቢነጠፍ ከላይ የተሰላው 360 ዋት ወደ 90 ይወርዳል። ያው ሱፍ የካቲትና መጋቢት ላይ ቆርቆሮው የሚረጨውን የቀን ሙቀትም ይይዛል። በሱፉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው፤ አለበለዚያ ጤዛ ያረጥበዋል። ሲነጠፍ ጓንትና ማስክ ይደረግ፤ ቆዳና ሳንባ ያሳክካል። የበሩን ሥር ደግሞ በጎማ ዝጉት።

መኝታ ቤት ውስጥ ግን ከሰል አይነድም። ጭሱ ቢያልቅለትም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ክፍተቱን ከደፈናችሁ በኋላ ደግሞ ይብስ።

ታቦር_ጀርባ፦
እንግዲያው ኮርኒሱን አስቀድሜ፣ ለዚህ ብርድ ባለ ዘይቱን እገዛለሁ። ራዲያተሮቹን እንዴት ላስቀምጥ? ምናልባት በኋላ ቢገጠሙስ?

ቫልቭና_ቧንቧ፦
በውስጣቸው ውሃ አይቅር። እርጥብ ብረትና አየር አንድ ላይ ከምንም ይከፋሉ። አራቱንም ቀዳዳ ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አገላብጡ፤ በደንብ ሲደርቁ በታፓ ዝጉና ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንስታችሁ እንጨት ላይ አቁሟቸው።

ከተገጠሙ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ክረምት ከበጋ ውሃው ከመስመሩ አይውጣ። ሐዋሳ ላይ ስርዓቱ ዘጠኝ ወር ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ፓምፑ ተጣብቆ አልዞር ይላል፤ በወር አንድ ቀን አምስት ደቂቃ አስነሱት። የቴርሞስታቱን ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ተዉት። ኅዳር ላይ አንዱ ራዲያተር አልሞቅ ካለ ጭንቅላቱን ፈትታችሁ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን ፒን በጠፍጣፋ ነገር ጫን ለቀቅ አድርጓት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጣብቃ ነው። በፒንሳ ግን አትሳቧት፤ ከወጣች ውሃው ይከተላል።