ድምፅ በሲሊኮን ቺፕ ውስጥ መረጃ ቢሸከም ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦
በስስ ሲሊኮን ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በመደዳ በመብሳት፣ የድምፅ ንዝረትን እንደ ቦይ ውኃ መምራትና መረጃ ማስተላለፍ እንደሚቻል አነበብሁ። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ፤ ነገሩ ቢያስደንቀኝም አንድ ነጥብ ግራ አጋብቶኛል። ድምፅ በሲሊኮን ውስጥ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ ብርሃን በዚያው ሲሊኮን ውስጥ ከ80,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ታዲያ ይህን ያህል የሚዘገይ ነገር ለምን ይመረጣል?

መልስ፦
ጥቅሙ የሚመነጨው ከዚያው ከዝግታው ነው። የሞገድ ርዝመት ፍጥነት ለድግግሞሽ ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ 5 ጊጋኸርዝ የሆነ (በሰከንድ 5 ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ) የሬዲዮ ሞገድ በአየር ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ሲረዝም፣ በሲሊኮን ውስጥ ያለ የዚያው ድግግሞሽ ድምፅ ግን ከ2 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም። አንድን ምልክት ለ10 ናኖ ሰከንድ ብቻ ማቆየት ብንፈልግ፣ ብርሃን በሲሊኮን ውስጥ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ መንገድ ይፈልጋል፤ ለድምፅ ግን የአንድ ፀጉር ውፍረት የሚያህል ርቀት ይበቃዋል። የሞባይል ስልኮቻችንም የሚፈልጉትን የሬዲዮ ድግግሞሽ ከሌላው የሚለዩት በድምፅ ሞገድ በሚሠሩ ማጣሪያዎች ነው፤ እነዚህ ግን ፒዞኤሌክትሪክ ከሆኑ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት፣ ንዝረትንም ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡ ቁሶች የተሠሩ ናቸው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ ስለ ቀዳዳዎቹ ልጨምር። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከድምፁ የሞገድ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን፣ የተወሰነ ድግግሞሽ ያለው ንዝረት ማለፍ ተስኖት ወደ መጣበት ይመለሳል፤ የቀዳዳዎቹ አደራደር ሆን ተብሎ በተዛባበት ቦታ ደግሞ ታስሮ ይቀራል። በአሜሪካው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው የኦስካር ፔይንተር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ብርሃንንና ንዝረትን በአንዲት የሲሊኮን ዘንግ ላይ አብሮ ማሰር እንደሚቻል አሳይቷል። ሲሊኮን ራሱ ፒዞኤሌክትሪክ ስላልሆነ ንዝረቱን በኤሌክትሪክ ለመቀስቀስ እንደ አሉሚኒየም ናይትራይድ ያለ ሌላ ቁስ ይደረብበታል፤ አለዚያም በሌዘር ብርሃን ይነቀነቃል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ድምፅ ባዶ ቦታን መሻገር አለመቻሉ ነው፤ ዘንጉ በባዶ ቦታ ውስጥ ሲንጠለጠል ንዝረቱ ማምለጥ የሚችለው በተያያዘበት ጫፍ ብቻ ነውና።

ከጠያቂው፦
ስለ ማብራሪያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ንዝረቱ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

መልስ፦
በሙቀቱ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነ ሥራ፣ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ የ5 ጊጋኸርዝ ንዝረት ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆይቷል፤ ይህም ለኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ ማስታወሻነት እንዲታሰብ አድርጎታል። በተራ የክፍል ሙቀት ግን የአቶሞቹ የሙቀት እንቅስቃሴ ስለሚያደክመው ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ለማጣራትና ለአጭር ጊዜ ለማቆየት እንጂ፣ ከቺፑ ዳር እስከ ዳር መረጃ ለማድረስ ብርሃንንና የመዳብ ሽቦን ይተካል ብለው አይጠብቁ።