ማሲንቆና ስልክ ብቻ ይዤ መንገድ ልወጣ ነው፤ ምክር ስጡኝ

የጭራዋ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ እሠራለሁም። አሁን የያዝኩትን ሳጥኑን ከአሮጌ ቁምሳጥን ጣውላ ነው ያወጣሁት። ቆዳው የፍየል ነው። ከተሰበረ የማንቂያ ሰዓት ውስጥ የምትጮኸውን ቀጭን ክብ ብረት አውጥቼ ቆዳው ላይ በሰም ለጥፌአታለሁ። ሽቦ ስቀጥልባት እንደ ማይክ ትሠራለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ጭራው ከደጋኑ ጋር ሲፋተግ ትንሿን ነገር ሁሉ ታሰማለች። እኔ በጣም ነው የምወዳት።

ክረምቱ ሲወጣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከዚያ ተመልሼ በሐይቅ በኩል ወደ አምባሰል መሄድ አስቤአለሁ። ባቲና አምባሰል የምንላቸውን ቅኝቶች ስማቸውን የሰጧቸው አገሮች ላይ ተቀምጬ መጫወት እፈልጋለሁ። ከሰው ጋር እየተጫወትኩ፣ እዚያው በስልኬ እየቀረጽኩ አንድ አልበም የሚሆን ሥራ ማውጣት ነው ሐሳቤ። አንድ የስቱዲዮ ባለሙያ ግን "የዶሮና የመኪና ድምፅ ያለበትን ማን ይሰማዋል? ገንዘብ አጠራቅመሽ ነይ" አለኝ። እውነት ልጠብቅ? ሴት ሆኜ ማሲንቆ ይዤ ስሄድስ ሰው እንዴት ያየኛል?

ሚክሰሩ፦
እህት፣ ስልኩ ይበቃሻል። ስትቀርጪ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው፤ መሃል ላይ ሰው ከደወለ ያበላሽብሻል። ፋይሉን ሳይታመቅ በዌቭ (WAV) የሚያስቀምጥ አፕ ተጠቀሚ። ማይኩን ለነፋስ በጸጉራም ጨርቅ ሸፍኚው። እሱን ካደረግሽ ሂጂ።

ባለማሲንቆው (ጎንደር)፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ያቺን የሰዓት ብረት እንዳትጥያት። ማሲንቆ ተጫዋቹ ራሱ ሲሠራው፣ ሲሰበር ራሱ ሲጠግነው የኖረ ዕቃ ነው። ያደረግሽው ከዚያ የወጣ ነገር የለውም።

እኔ አዝማሪ ቤት ነው ያደግኩት። አባቴም አያቴም ከሠርግ ሠርግ ሲዞሩ ነው የኖሩት። ስለዚህ ስለ መንገዱ ልንገርሽ። ቆዳ እርጥበት አይወድም። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። ፀሐይ አሳዪው፤ ፀሐይ ከሌለ ከእሳት ራቅ አድርገሽ አሙቂው። በጣም ከተጠጋ ይሰነጠቃል። ለደጋኑ እጣን ከኪስሽ አይጥፋ፤ ትርፍ ጭራም ያዢ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ተጫወቺ፣ ከዚያ ቅረጺ። ስልክ አውጥተሽ ከተቀመጥሽ ሰው ይጨነቃል። ጠላ ቤት ግቢና ሰላም ብለሽ አንድ ሁለት ዘፈን በይ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ተቀበይ!" ብሎ ግጥም ይሰጥሻል። ትቀበያለሽ። ሌላው ደግሞ እሱን የሚመልስ ግጥም ይዞ ይነሳል። ያን ጊዜ "ልቅረጽ?" ብትይ የሚከለክልሽ ብዙ አይኖርም። እኔ የምለው፣ ሙዚቃው እሱ ነው! ግጥሙን የሰጠው ሰው፣ ሳቁ፣ ሽልማት ግንባርሽ ላይ ሊለጥፍ የሚነሳው ሰው ወንበሩን ሲገፋ የሚሰማው ድምፅ። ስቱዲዮ ገብተሽ ማን "ተቀበይ" ይልሻል? የስቱዲዮ ዘፈን ብዙ ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ጥሩ አለው። ይህን ግን አንዱም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ስለ ዶሮው የተባልሽውን እርሺው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ፒያኖ እየመቱ እየዘፈኑ ራሳቸውን በካሴት ቀርጸዋል። ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። እማሆይ በ2023 ካረፉ በኋላ፣ በ2024 ያው የቤት ቀረጻ አልበም ሆኖ ወጣ፤ ዓለም ሰማው። ወፎቹን ማንም አላወጣቸውም።

ሴትነትሽን በተመለከተ፣ በእኛ ዘንድ ወንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሴቷ ትዘፍናለች፣ ከበሮ ትመታለች። ስለዚህ የሚያዩሽ ይገረማሉ። ተገርመው ሲተያዩ ጊዜ አትስጫቸው፤ ጀምሪ።

ታክሲ ነጂ (ቨርጂንያ)፦
የጋሼን ሐሳብ እደግፋለሁ። እዚህ እኛ አገር ኃይሉ መርጊያ አሉ አይደል? የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ዞሩ፤ እዚሁ ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ እጅ ገባና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። እኔም ያንኑ ሥራ ስለምሠራ ነገሩ ልቤን ይነካኛል። ገንዘብ እስኪጠራቀም አትጠብቂ።

የጭራዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሌሊት ደጅ ለደጅ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ባገኝ መቅረጽ እችላለሁ? እነሱ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጡት፣ ለመላመድ ጊዜ የለም። ግጥም የሰጠኝን ሰውስ ምን ላድርግለት?

ባለማሲንቆው (ጎንደር)፦
ላሊበሎቹን በድብቅ እንዳትቀርጪ። አብዛኞቹ መታየት አይፈልጉም፤ የሚሄዱበት ምክንያት የራሳቸው ነው። ዜማው ካለቀ በኋላ ምጽዋቱን ስጪና ጠይቂ። እምቢ ካሉ ጆሮሽ ይዞት ይሂድ፤ ቤትሽ ስትገቢ በማሲንቆ ትፈልጊዋለሽ።

ግጥም የሰጠሽን ሰው ስሙን ከነቀበሌው ጻፊ። እንዲጠራ ከፈለገ አልበሙ ላይ ይግባ። ከገቢው ለእሱ የሚደርሰውን እዚያው ተነጋገሩ፤ በኋላ ማግኘት ይቸግራል። ቀረጻውንም መልሰሽ አሰሚው። ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ ሌላ ግጥም ያመጣል።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮቹ አጣሪና ደህና ከሆነ እሁድ ከሰዓት ግቢ። ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልን።