ሆረር ላይ ሰው ሲገደል የሚስቁት ለምንድነው?

የቀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ሆረር ስናይ ገዳዩ የልጅቷን ጣት በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። እኔ ጣቶቼን ብብቴ ስር ሸጎጥኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ ግን ከት ብሎ ሳቀ። በጣም ከፋኝ። የሰው ስቃይ ምኑ ነው የሚያስቀው? ይሄው ልጅ ሲደብረው የሚከፍተው ደግሞ ዴዝ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ ግጥሙ ሬሳና አንጀት ብቻ። እንዲህ ሲያዩና ሲሰሙ ውለው ልብ አይደነድንም?

የማታ ተረኛ፦
የኔ እህት፣ በሳቁ ብቻ ጨካኝ ነው አትበዪው። እኔ ነርስ ነኝ። የወንድሙ ቁስል ሲሰፋ እያየ የሚስቅ ሰው ገጥሞኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሳቁ ጭንቀት ነበር። ደም አይቶ መውደቅም ፈሪነት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ደም ሲያይ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ባንዴ ይወርድና ራሱን ይስታል። ሊያዞርሽ ሲጀምር የእጅና የእግርሽን ጡንቻ ጥብቅ አድርገሽ ወጥሪ፤ ግፊቱ ከፍ ይላል።

ኤዲተሩ፦
እኔ ፊልም ኤዲት አደርጋለሁ። ሰውን የሚያስጮኸው በአብዛኛው ድምፁ ነው። «ሳይኮ» ላይ ያለውን የሻወር ግድያ ድምፁን ዘግተሽ እይው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። የቢላውን ድምፅ ያወጡት ሜሎን እየወጉ ነው። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እዛ ቦታ ላይ ሙዚቃ አልፈለገም ነበር፤ የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው በርናርድ ኸርማን ግን እነዚያን የሚጮሁ ቫዮሊኖች ጻፈ። ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ።

ባለጊታሩ፦
ስለ ዴዝ ሜታሉ እኔ ልመልስ። አውስትራሊያ ያለው የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሙዚቃው እየተሰማ ለአንዱ ዓይን የጥቃት ምስል፣ ለሌላው ተራ ምስል ያሳያሉ። አእምሮ አደጋ ያለበትን ቀድሞ ይይዛል። ሜታል ወዳዶቹም እንደ ሌላው ሰው ሆነው ተገኙ፤ አልደነዘዙም። እኔ ስሰማው ሬሳ አይታየኝም። ከበሮው ደረቴን ሲደበድበው ቀኑን ሙሉ ያመቅኩት ንዴት ይለቀኛል።

የቀበናዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሳስበው፣ በቀደም የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የእውነት ግድያ ቪዲዮ ሲለጠፍ «አጥፉት» ብሎ የለመነው ይሄው ልጅ ነው። የለጠፈችው ሆረር ማየት አልወድም የምትል ጓደኛችን ናት። እሷንስ ምን ልበላት?

የማታ ተረኛ፦
ደግማ እንዳትልክ ንገሪያት፣ ሳታፍሪ። የሟቹ እናትና ወንድሞችም ቴሌግራም ይጠቀማሉ።