ትምባሆስ ቅጠል አይደለም እንዴ?

ሳል በሳል፦ ትናንት እዚህ አንዷ «የተፈጥሮ እንጨትና ቅጠል ጢሱ ሳንባ አይነካም፣ የሚጎዳው ኬሚካል የተነከረው ነው» ብላ ጽፋ የጭብጨባው ብዛት! እና ትምባሆስ ቅጠል አይደለም እንዴ? እንጨት ሲጨስ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ፎርማልዴሃይዱም ደቃቁ ብናኝም ይወጣል። ማንም ምንም ሳይነክረው።

ቅጠሊት፦ አንዷ እኔ ነኝ። ትምባሆን ከምን ጋር ነው የምታወዳድረው? እኔ ማታ ስልኬን አጠፋና ፓሎ ሳንቶ ከሚባለው ጥሩ መዓዛ ካለው የደቡብ አሜሪካ እንጨት አንዲት ስንጣሪ እለኩሳለሁ። ነበልባሉን እፍ ብዬ አጥፍቼ ጢሱ እንደ ክር ቀጥኖ ሲወጣ እያየሁ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ይከስማል፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ የተበተነ ቀልቤን የምሰበስበው በሷ ነው። ይቺንም ቀናችሁባት?

ሳል በሳል፦ «ጢሱን እያየሁ በረጅሙ እተነፍሳለሁ»። እኔ ምንም አልጨምርም።

አረንጓዴ፦ ሳል በሳል ደግሞ ነገር ታከራለህ። ነጭ ሴጅ የሚባለው የሚጨስ ቅጠል 94 በመቶ የአየር ባክቴሪያ እንደሚገድል በጥናት ተረጋግጧል እኮ።

ቆቁ፦ ይሄ 94 በመቶ መቼ ነው የሚያርፈው? ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ህንድ ውስጥ የተሠራ ነው። የጨሰው እንጨትና ለአምልኮ የሚጨስ የብዙ ዕፅ ድብልቅ ነው፣ ለአንድ ሰዓት፣ በተዘጋ ክፍል። ነጭ ሴጅ የሚባል ነገር የለበትም። ደግሞ ባክቴሪያ መግደሉና ለሳንባ መመቸቱ ለየቅል ነው። በረኪናም ይገድላል።

አረንጓዴ፦ በረኪና ከተፈጥሮ አይደለም።

ሳል በሳል፦ መጣች! «ከተፈጥሮ»! የእባብ መርዝስ ከፋብሪካ ነው የሚወጣው?

ሰከን በሉ፦ ሁለታችሁም ረገብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም ባይበልጥ ይላል። አማካይ ነው። አንዲት ስንጣሪ መስኮት ተከፍቶ ስትጨስና በር ዘግቶ ሙሉ እስር ቅጠል ማንደድ አንድ አይደለም። ግን አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ክርክሩም አያስፈልግም።

ቅጠሊት፦ አስም ያለበት የለም። እኔና ድመቷ ነን።

ሳል በሳል፦ ድመቷን ጠይቀሻታል?

ጥግ ያዥ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ነጭ ሴጅ በዱር የሚበቅለው በደቡብ ካሊፎርኒያና እዚያው ጎኑ ባለው የሜክሲኮ ክፍል ነው። ጥብቅ ቦታ ገብተው በከረጢት እየሰረቁ የሚሸጡ አሉ። ለአገሬው ሕዝብ ጸሎቱ ነበር። አሜሪካ የነሱን የእምነት ነፃነት የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ዛሬ እኛ «የመጥፎ ኃይል ማጽጃ» ብለን ፎቶ እንነሳበታለን።

ቅጠሊት፦ እኔ ሴጅ አላጨስም፣ ፓሎ ሳንቶ ነው ያልኩት። እሱ ዛፍ ተቆርጦ አይደለም፣ በራሱ ወድቆ ለዓመታት ከተኛ ግንድ ነው የሚወሰደው።

ጥግ ያዥ፦ የትኛው ፓሎ ሳንቶ? በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዛፎች አሉ። የኢኳዶርና የፔሩው ቡርሴራ አለ። ግራን ቻኮ በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ሜዳ የሚበቅለው ቡልኔዢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር አለበት። ካርቶኑ ላይ የሳይንስ ስሙን አይተሻል?

ቅጠሊት፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ነው።

ሳል በሳል፦ ሃሃሃሃ! ዞረን ዞረን!

አረንጓዴ፦ ምን ያስቃል? ሰው ሰላሙን ቢያገኝ ምን አገባችሁ? ሻማም ይጨሳል።

ሳል በሳል፦ ማንም አታጭሱ አላለም። «ሳንባ አይነካም» አትበሉ ነው ያልኩት። አንዲት ቃል ናት፣ አንሷት።

ቅጠሊት፦ አላነሳም። ሁልጊዜ የምለኩስበት መደርደሪያ በላይ ያለው ግድግዳ ግን ቡናማ ሆኗል። በምን እንደሚለቅ የሚያውቅ አለ?

ቆቁ፦ ግድግዳው በረጅሙ ተንፍሶ ይሆናል።