የ50 ዓመት የካምፓኞሎ ሬኮርድ ሞዞ፦ በቀዳዳው ዘይት ላጠጣው ወይስ ፈትቼ ግራሶ ልቀባው?

የአባቴ ብስክሌት
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1966 ዓ.ም. አስመራ ሳሉ የገዙት የእሽቅድምድም ብስክሌት አሁን በእኔ እጅ ይገኛል። ሁለቱም ጎማዎች የካምፓኞሎ ሬኮርድ ሞዞ (ዘንጉ የሚያልፍበት የጎማው እምብርት) አላቸው፤ የኋላውን ዘንግ በሚያስረው ዳዶ ላይም 72 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። በሞዞው ወገብ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እርሷንም ቀጭን የብረት ቀለበት ይሸፍናታል። የዘይት መግቢያ መሆኗን ስለሰማሁ ቀለበቱን አዙሬ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨመርሁባት። ለአንድ ሳምንት ያህል የጎማው ድምፅ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ዘይት በጎኑ እየወጣ እስከ ቸርኬው ደረሰ፤ ዘንጉን በጣቶቼ ሳዞረውም አሸዋ የገባበት ያህል ይኮረኩረኛል። ዘይት መጨመሬን ልቀጥል ወይስ ፈትቼ በግራሶ ልሙላው? አባቴ ይህን ያህል ዘመን ጠብቀው ያቆዩት ዕቃ በእኔ ችኮላ እንዲበላሽ አልፈልግም።

ሞርሳ
ከሁሉ አስቀድመው ቸርኬውን በአልኮል ይጥረጉት፤ ዘይት የነካው ቸርኬ ላይ ፍሬን አይዝም። የፍሬኑ ላስቲክ ዘይት ከጠጣ ደግሞ ይቀይሩት።

ያዩት ጥቁር ፈሳሽ፣ የጨመሩት ዘይት ለዓመታት የደረቀውን ግራሶ እያሟሟ፣ በውስጡ የነበረውንም አቧራና የብረት ብናኝ ይዞ ሲወጣ ነው። ስለዚህ አሁን ብዮቹ (በሞዞው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች) የሚንከባለሉት በቆሻሻ ዘይት ውስጥ በመሆኑ፣ ሞዞው ሳይፈታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ባይነዱት እመክራለሁ።

ለመፍታት የሚያስፈልገው ቀጭን የኮኖ ቁልፍ ነው (ኮኖ በዘንጉ ላይ የሚጠብቀው፣ ብዮቹ የሚሄዱበት ሾጣጣ ብረት ነው)፤ ወፍራም ቁልፍ አስገድዶ ማስገባት የኮኖውን ጠርዝ ያበላሻል። አንዱን ጎን ብቻ ፈትተው ዘንጉን በሌላው ጎን ሲያወጡ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ፣ የቀኝና የግራውንም ብይ ለየብቻ ያስቀምጡ። የአቧራ መከላከያውን ክዳን ግን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አያውጡት፤ ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከጎበጠ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ በስተውስጥም በጨርቅና በላምባ ማጽዳት ይቻላል።

አሮጌውን ብይ መልሰው አይጠቀሙ። በኋላው በእያንዳንዱ ጎን ዘጠኝ ብይ አለ፤ ስፋቱ 1/4 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። የፊተኛውም ዘጠኝ ዘጠኝ ነው፤ መጠኑ ግን 7/32 ኢንች (5.56 ሚሊ ሜትር) ስለሆነ፣ በብዙ ሌሎች የፊት ሞዞዎች ውስጥ ከሚገኘው የ3/16 ኢንች ብይ ጋር እንዳያምታቱት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ፓኬት ይቀይሩ፤ በመጠን በትንሹም የሚበልጥ አንድ ብይ ከገባ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል።

የእንጦጦ ዳገት
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ያቺ ቀዳዳ ያለ ምክንያት የተሠራች እንዳትመስል አንድ ነገር ልጨምር። ተወዳዳሪዎች ቀላል ዘይት ይመርጡ የነበረው ከግራሶ ይልቅ ጎማውን አቅልሎ ስለሚያሽከረክር ነው። ዋጋው ግን ዘይቱ ቶሎ ስለሚፈስ በየጥቂት ጉዞው መጨመር ግድ መሆኑ ነው። ከውድድር ውጪ ለሚነዳ ሰው ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ በግራሶ የተሞላ ሞዞ በደረቅ መንገድ አንድ ዓመት ያለ ችግር ይሠራል፣ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የሚነዱት ከሆነ ግን መስከረም ላይ ፈትተው ይዩት።

ግራሶውም የተለየ መሆን የለበትም፤ ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚሸጠው ቁጥር 2 የሊቲየም ግራሶ በቂ ነው። ብዮቹን በግማሽ እስኪሸፍን አድርገው ይሙሉ፤ ትርፉ በጎን ይወጣል፣ እርሱንም ይጥረጉት።

የአባቴ ብስክሌት
በዝርዝር ስለመለሳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኋላውን ፈታሁት። የግራው ኮኖ እንደ መስታወት ያበራል፤ በቀኙ ኮኖ ላይ ግን ብዮቹ በሚሄዱበት መስመር ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በሞዞው ውስጥ ያለው የብዮቹ መቀመጫ የእስክሪብቶ ጫፍ ሲሄድበት አይያዝም። ዘንጉን በመስታወት ላይ ሳንከባልለው ደግሞ መሃሉ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ሠፈሬ ያለው ሱቅ የሺማኖ ዘንግና ኮኖ አለኝ ብሎኛል፤ ይሆናል ወይ?

ሞርሳ
አይሆንም። የሬኮርድ የኋላ ዘንግ የብሎን ጥርሱ በአንድ ኢንች 26 ሲሆን፣ የሺማኖው ግን በጥርስና በጥርስ መካከል 1 ሚሊ ሜትር አለው፤ ይህም በኢንች 25.4 ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ ዳዶው ጥቂት ዙር ይገባና ከዚያ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ በኃይል ቢያዞሩት ሁለቱንም ያጠፋሉ። ከዚህም በላይ የኮኖው ጉብታ ከመቀመጫው ጋር መጣጣም አለበት።

ጉድጓድ ያለበትን ኮኖ ግራሶ አያድነውም፤ የጠነከረው የላይኛው ሽፋን ስለተሰበረ መሰንጠቁ ይቀጥላል። መልካሙ ዜና መቀመጫው ደኅና መሆኑ ነው፤ ኮኖ ቀድሞ የሚያልቀው፣ የብዮቹ መስመር በእርሱ ላይ አጭር ስለሆነ እያንዳንዱ ቦታ ደጋግሞ ስለሚመታ ነው። የጎበጠውን ዘንግም ለማቅናት አይሞክሩ፤ በዚያ ዘመን አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ሰንሰለቱ ከሚያርፍበት የኋላ ጥርስ ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ የዘንጉ ጫፍ ያለ ድጋፍ ወጥቶ መጉበጡ የተለመደ ነበር። ሺማኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍሪሃብ (ሞዞውና የኋላው ጥርስ የሚያርፍበት ክፍል አንድ ላይ የተሠሩበት) ኩሽኔታውን ወደ ውጪ ጫፍ በመግፋት ይህን ችግር ፈታው። ዘመኑን የሚመጥን የካምፓኞሎ ዘንግና ኮኖ ጥንድ አገልግሎት ከሰጡ ዕቃዎች መካከል ይፈልጉ፤ ሲያገኙም ኮኖውን በእስክሪብቶው ጫፍ ፈትሸው ይግዙ።

የእንጦጦ ዳገት
ሲገጥሙት አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማጥበቁ ላይ ነው። ጎማውን በፍሬሙ ላይ የሚያስረው የእጅ ማንሻ ሲጠብቅ ዘንጉን በጥቂቱ ስለሚጨምቀው፣ ጎማው ከብስክሌቱ ውጪ ሳለ ትንሽ ይንቀሳቀስ። በፍሬሙ ላይ ከታሰረ በኋላ ቸርኬውን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ሲገፉት እንቅስቃሴው ፈጽሞ ከጠፋ ትክክል ነው፤ ካልጠፋ አውርደው ኮኖውን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ያጥብቁ፣ ዳዶውን አስረው እንደገና ይሞክሩት። እኔ ሦስትና አራት ጊዜ ሳልሞክር የጨረስሁበትን ቀን አላስታውስም።