መጫወቻ ብናውስ፣ ሲሰበር ማን ይክፈል?

መምህርት ከአባይ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። አፀደ ሕፃናት ነው የማስተምረው። የእድራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ባዶ ጥግ ስላለ መደርደሪያ አቁመን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች መጫወቻ ልናውስ አስበናል። ነገሩ በሌላ አገር የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ልጆች ከሱቅ መጫወቻ ሲሰርቁ ታይቶ እንደ መጽሐፍ ማዋስ ተጀመረ።

ለምን እንደምደክምለት ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ጣውላ በድቡልቡል እንጨት ላይ አጋድሞ «ታንኳ ነው፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ መጣ» አለ። ጭነቱ እንጨት ያለው ቆርኪ ነው። ሁሉንም ባንድ ወገን ሲከምረው ጣውላው ተንጋደደ። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ይሰጥማል!» ብላ ግማሹን ወደዚያኛው ጫፍ አዛወረችለት። ተጨቃጨቁ፣ ቆጠሩ፣ እኩል አካፈሉት። ይሄን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስተምር ብል አይሆንልኝም።

አሁን ኮሚቴው መቶ ብር መያዣ ይከፈል ይላል። መያዣ ያጣች እናት ደግሞ ደጃችንን አትረግጥም። ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች አባት፦
መምህርት፣ አይከፋሽና ልጆቹ ፊደል ቢቆጥሩበት አይሻልም? ጨዋታውን እንደሆነ ሜዳ ላይም ያገኙታል።

እናት ከሽምብጥ፦
ሜዳው የታለ ወንድሜ? የኛ ሰፈር ሜዳ ታጥሮ አልቋል። እህቴ፣ መያዣውን ተዪው። እድርተኛ ከሆነች እድሩ ራሱ ዋሷ ነው፤ ካልሆነች ጎረቤት ይዋሳት። ዕቃው በጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ ስንት ፍሬ እንዳለው ላዩ ላይ ይጻፍ፣ ሲመለስ እዚያው ይቆጠር። ፕላስቲኩን በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

አናጺ፦
ቁርጥራጭ ጣውላ እኔ ጋ ሞልቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እሰጣችኋለሁ። ቀለም ግን አትቀቡት። ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ እርሳስ ያለበት ቀለም ደግሞ አእምሮ ይጎዳል። ቆርኪውንም ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት አታውሱ፣ ያንቃል። የተሰበረ ካለ ወደኔ ላኩት፣ የሚጠገነውን እጠግናለሁ።

መምህርት ከአባይ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጣውላውን ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ እወስዳለሁ። የእድሩን ዋስትና ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ወንድሜ፣ ፊደሉንም አስቆጥራለሁ። ግን ጨዋታ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ መብት ተብሎ ተጽፏል፣ አገራችንም ተቀብላዋለች። ልጆችህን ይዘሃቸው ና።