ከአዲስ አበባ ጀርመን ለሚሄድ ተማሪ አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ አለ?

ጥያቄ

ጎቲንገን ለሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ተቀባይነት አግኝቼ በመስከረም እጓዛለሁ። የማጠናው ስለ ደን በመሆኑ የራሴ ጉዞ የሚያደርሰው ጉዳት ያሳስበኛል። በአውሮፕላን ፈንታ በባቡር ለሚጓዙ የአውሮፓ ተማሪዎች ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ተጨማሪ ድጎማ እንደሚሰጥ አንብቤአለሁ፤ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ የምትነሣ ተማሪ ግን ምን አማራጭ አላት? የጅቡቲው ባቡር በኤሌክትሪክ ቢሄድም ከቀይ ባሕር አያሻግረኝም፤ ሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ላይ ናት። በረራው የሚለቀውን ጭስ በደን ልማትና በመሰል ሥራ ለማካካስ፣ ማለትም ለካርቦን ማካካሻ ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብስ በእርግጥ ይጠቅማል?

መልስ 1

አውሮፕላኑን ማስቀረት ስለማይቻል በእሱ አይጨነቁ፤ በእጅዎ ያለው ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ መወሰን ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ ለአንድ መንገደኛ አንድ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ግን ከነዳጅ በዓመት በአማካይ የሚለቀው ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ለገናም ለፋሲካም ሄጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ በምሰበስብበት ወቅት አንዴ ሄጄ ሁለት ወር ብቀመጥ ለቤተሰቤም ይሻል ነበር።

ትኬት ሲቆርጡ ቀጥታውን በረራ ይምረጡ፤ አውሮፕላን ነዳጅ በብዛት የሚፈጀው ሲነሣና ከፍታ ሲይዝ ስለሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል መዞር በዋጋ ቢረክስም ጭሱን ያበዛል። የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የራሱ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ ስላለው ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው፣ በመላው ጀርመን በከተማና በአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬደው ወርኃዊ የዶይችላንድ ትኬት በ2025 58 ዩሮ ገብቶ ነበር፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ተማሪዎች በቅናሽ ያገኙታል። በፈጣኑ ባቡር አይሠራም፤ ይህን ሳላውቅ ተሳፍሬ ተቀጥቻለሁ።

መልስ 2

እኅቴ፣ የሻንጣውን ነገር ማንም አላነሣልሽም። ሁለት ሻንጣ ስለተፈቀደልሽ ብቻ ሁለቱንም አትሙዪ። እናቴ ንጥር ቅቤ በጣሳ አሽጋ፣ ቋንጣውን በፌስታል ደራርባ፣ ሁሉንም በጋቢ ጠቅልላ ሸኘችኝ፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ ስለማይፈቅድ የጉምሩክ ሠራተኛዋ ጣሳውን ከፍታ አሸተተችና ከነቋንጣው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በነዳጅ የተጓዘ ቅቤ! በርበሬና ሽሮ ይበቃሻል። ድስት፣ ብርድ ልብስና ብስክሌት ደግሞ ጨርሰው ከሚሄዱ ተማሪዎች በርካሽ ይገኛሉ።

መልስ 3

ማካካሻን በሚመለከት፣ መክፈል ከፈለጉ ገንዘቡ የት እንደሚውል ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። በወላይታ የሚገኘው ሁምቦ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እዚያ 2700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከምንጣሮ ተከልክሎ፣ በአብዛኛው ከመሬት በታች የቀረው ጉቶ ራሱ አቆጥቁጦ ደን ሆነ፤ ደኑ ከአየር ለሚያስቀረው ካርቦን ከተከፈለው ገንዘብም የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገቢ አግኝተዋል። ችግኝ ተተከለ ተብሎ በማግሥቱ የሚረሳበት ግን ብዙ ነው።

በመልስ 1 ስሌት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። አንድ ጀርመናዊ በአማካይ በዓመት ከስድስት ቶን በላይ በሚለቅበት አገር፣ እናቷን ልትጠይቅ የምትበር ተማሪ ይህን ያህል ልትሳቀቅ አይገባም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀጥታውን በረራ ቆርጫለሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌም ሁምቦን ለማጥናት አስቤአለሁ። እናቴ ስለ ቅቤው ነግሬያት አላመነችኝምና የመልስ 2ን ጽሑፍ ላነብላት ነው።